የድሮውን የዲዛይን ሶፍትዌር ማራገፍ ወይስ ማቆየት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ዲዛይን ቤቶች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ከሁለት ዓመት በፊት የሱቃችን ኮምፒውተር ዲስክ ሞልቶ አላሠራ ሲለኝ፣ አዲሱ እያለ የድሮው ምን ያደርግልኛል ብዬ የቆየውን የዲዛይን ሶፍትዌር አራገፍኩት። በማግስቱ ጠዋት አንድ የባጃጅ ባለንብረት በኋላ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ አዝዞ ከፊቴ ተቀምጧል። ጽሑፉን በአዲሱ ሶፍትዌር አዘጋጅቼ ወደ ስቲከር መቁረጫው ልልክ ስል፣ ዘወትር ከላይ በስተቀኝ የነበረችው የመቁረጫ ምልክት የለችም። ምልክቷን ያመጣት ከማሽኑ ጋር በሲዲ የተሰጠን፣ ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም (ፕለጊን) ነበር፤ ፕለጊኑ የሚያውቀው ደግሞ ያራገፍኩትን ብቻ ነው። ሲዲው የት እንደገባ ስለጠፋን፣ ተመሳሳይ ማሽን ካለው ባልንጀራዬ ልዋስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ደርሼ ተመለስኩ። ባጃጁ 2 ቀን ያለ ጽሑፍ ሠራ፤ እኔም ጥቂት ጊጋባይት ለማትረፍ ስል 2 የሥራ ቀን ከሰርኩ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የኅትመትና የማስታወቂያ ቤቶች፣ የሕንፃ ዲዛይን ለሚሠሩ ቢሮዎች፣ እንዲሁም በልብስ ስፌትና በጥልፍ ሥራ ላይ ላሉ ንድፍ አውጪዎች ነው። የትኛው ኩባንያ የተሻለ ሶፍትዌር ይሠራል የሚለው እዚህ አይነሳም። የሚነሳው አዲስ ሥሪት፣ በየሱቁ ቨርዥን የምንለው፣ ከገባ በኋላ የቀድሞውን ምን እናድርገው የሚለው ብቻ ነው። አቋሜ ከወዲሁ ይታወቅ፦ የድሮ ሥሪት የሚቆየው ለፋይል ወይም ለማሽን ሲባል እንጂ እጃችን ስለለመደው መሆን የለበትም፤ ሲቆይም እስከ መቼ እንደሚቆይ ተወስኖ መሆን አለበት።

## በምን እንመዝን?

ፋይሉ ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ? ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ። አዲስ ሥሪት የድሮውን ፋይል መክፈቱ የተለመደ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው በአዲሱ ሴቭ የተደረገው ፋይል በድሮው እንዲከፈት ሲፈለግ ነው። በዚህ ረገድ ሶፍትዌሮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም።

የፕላን መሳያው አውቶካድ የፋይል ቅርጹን በየዓመቱ አይለውጥም፤ ከዚህ በታች የምታዩአቸው ዓመቶች የሥሪቶቹ ስሞች ናቸው። የ2004ቱ ቅርጽ እስከ 2006፣ የ2007ቱ እስከ 2009፣ የ2010ሩ እስከ 2012፣ የ2013ቱ እስከ 2017 ባሉት ሥሪቶች አገልግሏል፤ በ2018 የመጣው ቅርጽ ደግሞ ከዚያ በኋላ በወጡት በርካታ ሥሪቶች ሳይለወጥ ዘልቋል። ስለዚህ በ2018 የሚሠራ ባለሙያ በ2024 የተሠራ ፕላን ሲላክለት አይጨነቅም፤ 2016 ያለው ግን አይከፍተውም። «ወንድሜ፣ ፋይሉ አልከፈት አለኝ፤ በእናትህ በታች ቨርዥን ሴቭ አድርገህ ላክልኝ» የሚለው የስልክ ጥሪ የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ላኪው ሴቭ አዝ ብሎ የዝቅተኛውን ቅርጽ ይመርጣል፤ ተቀባዩም ዲደብሊውጂ ትሩቪው የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቅሞ ራሱ ሊለውጠው ይችላል። የተላከላችሁ ፋይል በየትኛው ቅርጽ እንደተሠራ ለማወቅ አውቶካድ እንኳ አያስፈልግም። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት፤ ገጹ በማይነበቡ ምልክቶች ይሞላል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ኤ እና ሲ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና 4 አኃዞች በግልጽ ይታያሉ። አኃዙ 1018 ከሆነ የ2004፣ 1021 ከሆነ የ2007፣ 1024 ከሆነ የ2010፣ 1027 ከሆነ የ2013፣ 1032 ከሆነ የ2018 ቅርጽ ነው። ካያችሁ በኋላ ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት። በእኔ ግምት ለአውቶካድ ፋይል ብቻ ሲባል የድሮ አውቶካድ ማቆየት ብዙም ምክንያት የለውም።

ሌላው የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር ሬቪት የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። በ2021 የተሠራ ፕሮጀክት በ2024 ተከፍቶ ሴቭ ከተደረገ ፋይሉ ወደ አዲሱ ያድጋል፤ ወደ 2021 የሚመልሰው ምንም ትእዛዝ የለም። ከእኛ ሱቅ ጎን ባለ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ የአንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ፋይል በአዲሱ ከፍቶ፣ «አፕግሬድ እየተደረገ ነው» የሚለውን መልእክት አልፎ፣ በዚያው ስም ሴቭ አደረገው። ኮምቦልቻ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ የሚሠራው በድሮው ነበርና ሥራው ቆመ። ያዳናቸው ሬቪት ሴቭ በተደረገ ቁጥር የቀድሞውን ፋይል በስሙ መጨረሻ 0001፣ 0002 እያለ ከጎኑ ማስቀመጡ ነው፤ የጠዋቱን ቅጂ አግኝተው የግማሽ ቀን ሥራ ደገሙ። በሬቪት የሚሠራ ቢሮ ፕሮጀክቱ በተጀመረበት ሥሪት እስኪያልቅ መሥራት አለበት፤ ይህም ሁለት ወይም ሦስት ሥሪት ጎን ለጎን መያዝን የግድ ያደርጋል።

የስትራክቸር ስሌት የሚሠሩትም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። የስሌት ሶፍትዌሩ ኢታብስ ከ9ኛው ሥሪት ወደ 2013 ሲሻገር እንደ አዲስ ስለተጻፈ፣ የድሮው ሞዴል መጀመሪያ በ9 ውስጥ ወደ ጽሑፍ ፋይል ወጥቶ ነው ወደ አዲሱ የሚገባው። በ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ የተሠላ የቆየ ሕንፃ ባለቤቱ ፎቅ ልጨምርበት ብሎ ሲመጣ፣ ሞዴሉ በ9 ተቀምጦ 9 ራሱ ከቢሮው ከጠፋ ስሌቱ ከዜሮ ይጀመራል።

በኅትመቱ በኩል ሁኔታው መካከለኛ ነው። ኮረልድሮው ሴቭ ሲደረግ የቀድሞ ሥሪት ለመምረጥ ያስችላል፤ ኢለስትሬተርም እንዲሁ፣ ነገር ግን ወደ ኋላ ሲወርድ የጽሑፍ አንቀጾች ሊበጣጠሱ ስለሚችሉ የተገኘው ፋይል ለማተም እንጂ ለማረም አይመችም። ኢንዲዛይን በቀጥታ ወደ ኋላ አይመልስም፤ አይዲኤምኤል በተባለው መሸጋገሪያ ቅርጽ ማውጣት ይጠይቃል። መጽሔት ወይም መጽሐፍ የምታዘጋጁ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ከዋናው ፋይል ጎን አንድ የአይዲኤምኤል ቅጂ ማስቀመጥ ልማድ ይሁናችሁ፤ የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ፎቶሾፕ በአብዛኛው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይከፈታል፤ የሚያስቸግረው ከሶፍትዌሩ የሚወጡ ነገሮች መኖራቸው ነው። ባለ 3 ገጽታ ሥራ የሚሠራበት ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቀርቷል። በ2022 መጨረሻ የፓንቶን ቀለም ስብስቦች ከፎቶሾፕ አምራች ከአዶቤ ፕሮግራሞች መውጣት ሲጀምሩ፣ አንዳንድ የቆዩ የፎቶሾፕ ፋይሎች ቀለማቸው በጥቁር ተተክቶ ይከፈቱ ነበር። ታይፕ 1 የሚባሉት የቆዩ ፎንቶች ደግሞ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ በአዶቤ ፕሮግራሞች ለጽሑፍ አያገለግሉም። ፋይላችሁ ከእነዚህ አንዱን የያዘ ከሆነ የድሮው ሥሪት ዋጋ አለው፤ ካልያዘ የለውም። እግረ መንገዴን፦ የቆየ ፋይል ስትከፍቱ የጽሑፍ ሌየሮች ይታደሱ ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ጽሑፉን ማረም እስካላስፈለገ ድረስ አይሆንም በሉት፤ ከታደሰ የፊደላቱ ክፍተት ሊዛነፍ ይችላል።

ጽሑፉ በምን ፊደል ተጻፈ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የፎንትን ጥፋት በሶፍትዌር እናላክካለን። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጁትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ስንሠራባቸው የቆዩት የግእዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀመጡ ናቸው። በእነሱ የተጻፈ የሠርግ ካርድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት «ሙሽሪት» የነበረው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ይህ በአዲስም በድሮም ሥሪት ያው ነው። ስለዚህ የድሮ ሶፍትዌር ለማቆየት ከመወሰናችሁ በፊት ፎንቱን ብቻ ወደ አዲሱ ማሽን አስገብታችሁ ፋይሉን ክፈቱት። ከተስተካከለ ጥያቄው ተመለሰ፤ የሚቀረው ፎንቶቹን በአንድ ፎልደር ሰብስቦ ከፋይሎቹ ጋር ማስቀመጥ ነው። የረመዳን የሰዓት ሠሌዳ፣ የኒካህና የመውሊድ ሥራ የምትሠሩ ደግሞ ዐረብኛው ፊደሉ ተያይዞ ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡን ለብቻው አረጋግጡ፤ ይህ የሚወሰነው በሶፍትዌሩ የጽሑፍ አሠራር ስለሆነ ከሥሪት ወደ ሥሪት ሊለያይ ይችላል።

ማሽኑ ማንን ያውቃል? ስቲከር መቁረጫ፣ ባነር ማተሚያ፣ ሌዘር መቁረጫና የጥልፍ ማሽን ከዲዛይን ሶፍትዌር ጋር የሚነጋገሩት በፕለጊን፣ ለማተሚያው ፋይሉን በሚያዘጋጀው ሪፕ በሚባለው ፕሮግራም፣ ወይም ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ ዶንግል አማካይነት ነው። ማሽኑ ከሶፍትዌሩ ዕድሜ በላይ ይሠራል፤ አምራቹ ግን ለ10 ዓመት ማሽን አዲስ ፕለጊን ላያወጣ ይችላል። ማሽኑ እንጀራችሁ ከሆነ ሥሪቱን የሚወስነው ማሽኑ ነው።

ፈቃዱ በእጃችሁ ይቆያል ወይ? አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግል ፈቃድና በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ፈቃድ ልዩነታቸው እዚህ ጎልቶ ይወጣል። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ክፍያ ምዝገባ ሲዞር ሲኤስ 6 የተባለው ሥሪት በግዢ የሚገኝ የመጨረሻው ሆነ፤ የአውቶካድና የሬቪት አምራች አውቶዴስክም ለብዙዎቹ ምርቶቹ ዘላቂ ፈቃድ መሸጥ ያቆመው በ2016 ነው። በምዝገባ ለሚጠቀም ሰው የድሮ ሥሪት መብቱ የተወሰነ ነው፤ አዶቤ በ2019 ለደንበኞቹ የሚያቀርበውን ወደ ሁለቱ የቅርብ ዋና ሥሪቶች አጥብቧል፤ አውቶዴስክ ከአዲሱ በተጨማሪ ያለፉትን 3 ይፈቅዳል። በግዢ የተገኘ የቆየ ፈቃድ ያለው ሰው በአንጻሩ ሀብት ይዟል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ስለወጣ፣ የምዝገባ ክፍያውም በዚያው ልክ ከብዷል። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ሲኤስ 6 ወይም የቆየ ኮረል ያለው ሱቅ ሳያስብ እንዳያራግፍ እመክራለሁ። ፈቃዱን በኢንተርኔት የሚያጸድቀው ማግበሪያ ሰርቨር ሲዘጋ እንደገና መጫን ላይቻል ይችላል፤ አዶቤ የሲኤስ 2ን ሰርቨር መዝጋቱ ይታወቃል።

የኢንተርኔቱ ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በምዝገባ የሚሠራ የአውቶዴስክ ምርት ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ መስመር ላይ ገብቶ ፈቃዱን ማረጋገጥ አለበት። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይቶታል። በዚያን ጊዜ በቁልፍ ቁጥር የሚከፈት የድሮ ሥሪት የነበረው ሰው ሥራውን አላቆመም።

ደህንነትና ቦታ። ዊንዶውስ 7 የደህንነት ድጋፉን ያጣው እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ሲሆን፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 14 ቀን 2025 ነው። ማክ የምትጠቀሙ ደግሞ ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም እንደማይሠራ አስቡ። የእኛ ሱቆች ትልቁ በር ፍላሽ ነው፤ ከሰኞ ገበያ የመጣውም ከመሥሪያ ቤት የመጣውም ያንኑ ፍላሽ ይሰካል፤ ፋይልን ወደ ሾርትከት የሚለውጠውን ቫይረስ ያላየ ዲዛይነር ያለ አይመስለኝም። በክራክ የተጫነ የድሮ ሥሪት ከዚህም የባሰ ነው፤ ሲጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ ስለሚል በሩን ከፍቶ ይተወዋል። ቦታን በተመለከተ ሬቪት ብቻውን 30 ጊጋባይት፣ አውቶካድ ወደ 10 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ሦስት ሥሪት ከተደረደረ ቦታው ቶሎ ይጣበባል።

## አማራጮቹ

አዲሱን ብቻ መያዝ። የድሮውን አራግፎ፣ መጫኛ ፋይሉንና የፈቃድ ቁጥሩን ብቻ ማስቀመጥ ነው። ፋይሎቻቸው ወደ አዲሱ በሰላም ለሚከፈቱላቸው፣ የተለየ ማሽን ለሌላቸውና በአውቶካድ ብቻ ለሚሠሩ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ማሽኑ ይቀለዋል፣ የሚታደሰው አንድ ብቻ ነው፣ ሠራተኛም በየትኛው ልክፈት ብሎ አይደናገርም። አደጋው ፈተና ሳይደረግ ሲገባበት ነው፤ የእኔ የባጃጅ ታሪክ የዚህ ነው።

ሁለቱን በአንድ ማሽን ጎን ለጎን። ብዙዎቹ የዲዛይን ሶፍትዌሮች ይህን ይቀበላሉ። አዶቤን ስታድሱ በተጨማሪ አማራጮቹ ውስጥ የድሮውን አስወግድ የሚለው ምልክት አስቀድሞ ተመርጦ ልታገኙት ስለምትችሉ ማንሳቱን አትርሱ። ዋናው ጣጣ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉ በየትኛው እንደሚከፈት አለማወቃችሁ ነው፤ ለሬቪት ይህ ስሕተት ምን እንደሚያስከትል ከላይ አይተናል። መድኃኒቱ ከፋይሉ አለመጀመር ነው፤ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ኦፕን ብላችሁ ፋይሉን ፈልጉ። በፋይሉ ስም ላይም ዓመቱን ጻፉበት፤ «ሐ ሕንፃ ሬቪት 2021» የሚል ስም ጀማሪ ሠራተኛን ከብዙ ነገር ያድነዋል።

የድሮውን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻውን ማቆየት። ለማሽን ሥራ የምመርጠው ይህንን ነው። ከጥቅም የወጣ የሚመስል ባለ 4 ጊጋባይት ራም ዴስክቶፕ ስቲከር መቁረጫውን ለመንዳት ከበቂ በላይ ነው። ኢንተርኔት አይገባበትም፣ ሌላ ሥራ አይሠራበትም፣ የደንበኛ ፍላሽ አይሰካበትም፤ ፋይል የሚሻገርለት የሱቁ በሆነ አንድ ፍላሽ ሲሆን ፍላሹም መጀመሪያ በአዲሱ ማሽን ይፈተሻል። ድክመቱ አሮጌ ዕቃ መሆኑ ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ፓወር ሳፕላዩ ወይም ሃርድ ዲስኩ አንድ ቀን ይቃጠላል፤ ስለዚህ ዩፒኤስ ይኑረው፣ የዲስኩም ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ይያዝ። ዶንግል ካለው ሠራተኛ እንዳይነቅለው ከማሽኑ ጀርባ ባለው ወደብ ይሰካ።

ቨርቹዋል ማሽን። በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ሙሉ ዊንዶውስ እንደ አንድ ፋይል ተቀምጦ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ቨርቹዋልቦክስን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ይበቃዋል፤ በውስጡ ለሚገባው ዊንዶውስ ግን የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ትልቁ ጥቅሙ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ሌላ ቦታ መቀመጡ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮምፒውተራቸውን ያጡ ሱቆች፣ ሲመለሱ የከበዳቸው ሌላ ኮምፒውተር መግዛቱ ብቻ አልነበረም፤ የዓመታት ቅንብር፣ ፎንት፣ ፕለጊንና መጫኛ አብሮ ሄዶ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ይህን ሁሉ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ማሽን ላይ ያንቀራፍፋል፤ 16 ቢኖር ይሻላል። ባለ 3 ገጽታ ሥራ አይመቸውም፤ ዶንግልና ፕሎተርም አንዳንዴ አይታዩትም። የድሮ ፋይል ከፍቶ ለማየትና ወደ አዲስ ቅርጽ ለማውጣት ግን በጣም ይረዳል።

ጭራሽ አለማደስ። ይህም አማራጭ ነው፤ እንደ ስንፍና መታየት የለበትም። ደንበኞቹ የከተማ ሰዎች የሆኑ፣ ፋይል ሳይሆን የታተመ ባነር የሚያስረክብ፣ በገዛው ሥሪት ሥራው የማይጎድልበት ሱቅ ለምን ያድሳል? ጊዜው የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ሲሞት ነው፤ አዲሱ ከነዊንዶውስ 11 ሲመጣ የድሮው ሶፍትዌር ላይጫንበት ይችላል። ስለዚህ አለማደስን የመረጠ ሰው ተለዋጭ ዕቃ እየሰበሰበ መኖር አለበት።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የድሮ ፋይል | የድሮ ማሽንና ዶንግል | ደህንነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| አዲሱን ብቻ | ከተፈተነ ጥሩ | ደካማ | ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ጎን ለጎን | በጣም ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | የዲስክ ቦታ |
| በአሮጌ ኮምፒውተር | በጣም ጥሩ | ከሁሉም የተሻለ | ከኢንተርኔት ከተለየ ጥሩ | ዩፒኤስና መጠባበቂያ ዲስክ |
| ቨርቹዋል ማሽን | ጥሩ | የማያስተማምን | ጥሩ | ራም፣ የዊንዶውስ ፈቃድ |
| አለማደስ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | እያደር የሚዳከም | አሁን የለም፣ ኋላ ከባድ |

## ለማን የትኛው?

የባነር፣ የስቲከርና የማኅተም ሥራ የሚሠራ፣ ለማደስ የሚመድበው ገንዘብ የሌለው ሱቅ አሮጌውን ኮምፒውተር አይሽጠው። የሁለተኛ እጅ ሽያጩ የሚያስገኘው ገንዘብ አንድ ቀን ከሚያስቆመው ሥራ አይበልጥም፤ ለማሽን ብቻ ይመድበውና ዲዛይኑን በአዲሱ ይሥራ።

በሬቪት የሚሠራ ቢሮ ጎን ለጎን ከመያዝ ውጪ ብዙ ምርጫ የለውም። ገንዘቡን ማውጣት ያለበት ለሌላ ሶፍትዌር ሳይሆን ለሰፊ ኤስኤስዲ ነው። ፕሮጀክት ሲጀመር አርክቴክቱ፣ የስትራክቸርና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶቹ በየትኛው ሥሪት እንደሚሠሩ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ፕሮጀክቱ ሲረከብ ያ ሥሪት ከማሽኑ ይወጣል። በአውቶካድ ብቻ የሚሠራ ቢሮ ግን አዲሱን ይዞ የድሮውን ያራግፍ፤ በኦፕሽን ውስጥ ሁልጊዜ በ2013 ቅርጽ ሴቭ እንዲያደርግ ማዘዝ ስለሚቻል፣ የስልኩ ጥሪ ይቀንስለታል።

በየዓመቱ ተመላልሰው የሚመጡ ሥራዎች ያሉት ማተሚያ ቤት፣ ማለትም የካሌንደር፣ የሰርተፍኬት፣ የደረሰኝና የሰዓት ሠሌዳ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሁለቱንም ይያዝ። በዚያ ዓመት ውስጥ ያልተመለሰ ሥራ ካለ ፒዲኤፉ ይበቃዋል።

በኮምቦልቻ በልብስና በጥልፍ ሥራ ላይ ያላችሁ በማሽኑ ፋይልና በሥራው ፋይል መካከል ያለውን ልዩነት አትዘንጉ። ዲኤስቲ የተባለው የማሽን ፋይል ለጥልፍ ማሽኑ የስፌቱን እርምጃ እንጂ ንድፉን አይነግረውም፤ ከእሱ ተነሥቶ መጠን መቀየር ስፌቱን ያበላሻል። ንድፉ የሚታረመው በተሠራበት ሶፍትዌር ፋይል ስለሆነ፣ ያን ፋይል የሚከፍተው ሥሪት ከነዶንግሉ መቆየት አለበት።

ለተማሪዎች፣ በተለይ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላላችሁ፣ አውቶዴስክ ለትምህርት የሚሰጠው ነፃ ፈቃድ ስላለ በክራክ የድሮ ሥሪት የምትቸገሩበት ምክንያት አይታየኝም። ኅትመት ለምትማሩ ኢንክስኬፕና ጂምፕ በነፃ ይገኛሉ፤ ሊብሬኦፊስ ድሮው ደግሞ የኮረል ፋይልን መክፈት ስለሚችል ድንገት ያግዛል።

## ከማራገፋችሁ በፊት

ከፋይሎቻችሁ መካከል ከባዶቹን 10 ምረጡ፤ ብዙ ሌየር ያለውን፣ በድሮ የግእዝ ፎንት የተጻፈውን፣ ዐረብኛ ያለበትን፣ የጥላና የግልጽነት ውጤት የበዛበትን። ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን በአዲሱ ክፈቱ፤ ከድሮው ጋር በወረቀት አትማችሁ ጎን ለጎን በመስኮት ብርሃን አስተያዩአቸው፤ ስክሪን ላይ ያልታየ የፊደል መዛነፍ ወረቀት ላይ ይታያል። ከዚያ እያንዳንዱን ማሽን በአዲሱ በኩል አንድ አንድ ሥራ አሠሩት። ይህን ያለፈ ሥሪት ሊራገፍ ይችላል።

በግዢ የተገኘ የአዶቤ ፈቃድ ከሆነ ከማራገፍ በፊት ከሄልፕ ሜኑው ዲአክቲቬት ማድረግ ይቀድማል፤ አለዚያ ፈቃዱ በተራገፈው ማሽን ላይ እንደተቆጠረ ይቀራል። መጫኛው፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ ፎንቶቹና ፕለጊኖቹ በአንድ ፎልደር ሆነው በሁለት ዲስክ ይገልበጡ። አንዱ ዲስክ ሱቅ ይቀመጥ፣ ሌላው ቤት፤ ከተቻለም ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ። የእኔ ሁለተኛ ዲስክ ኮምቦልቻ ባለው በዚያው ሲዲ ባዋሰኝ ባልንጀራዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የእሱም እኔ ዘንድ አለ።